የእግር ዝሆኔ እንክብካቤ በእድርና በሰንበቴ በኩል፦ ጤና ጣቢያው ምን ይያዝ፣ ማኅበሩ ምን ይያዝ? (የጎጃም ውይይት፤ ከየጽሑፉ በላይ ያለው የተናጋሪው መጠሪያ ነው)

ቀይ አፈር

ጎጃም ውስጥ ቀይ አፈር ባለበት ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ የእግር ዝሆኔ (በባዶ እግር ከሚረገጥ አፈር የሚመጣ፣ እግር የሚያሳብጥ በሽታ) የያዘው ሰው አይጠፋም። ሕክምናው ይታወቃል፤ ማጠብ፣ መዘፍዘፍ፣ ማድረቅ፣ መቀባት፣ መጠቅለል፣ ጫማ ማድረግ። ከባድ ነገር የለበትም፤ ግን በየቀኑ ነው፣ ዕድሜ ልክም ነው። ፕሮጀክት ይመጣና ሁለት ዓመት ሳሙናና ፋሻ ያድላል፤ ሲወጣ እግሩ ተመልሶ ያብጣል። ከ15 እስከ 25 ሺህ ሕዝብ የሚያገለግል ጤና ጣቢያም የአንድን ሰው እግር በየቀኑ ሊያይ አይችልም። በየቀኑ አጠገቡ ያለው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ በእድር፣ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር የተሳሰረ ነው።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት፣ ጎልቤት የሚባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ግማሾቹ እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ፣ ግማሾቹ ዘግይተው እንዲጀምሩ ተደረገ። ትኩሳት ይዞ የሚነሳው ድንገተኛ ሕመም ወዲያው በጀመሩት ላይ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ በሌሎቹ ላይ 23.9 ጊዜ ተነሳ። አንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። እያንዳንዱ መነሳት ገበሬውን ከሞፈሩ ለቀናት የሚያስቀር ስለሆነ ትንሽ አይደለም፤ ግን «ይድናል» ብሎ ቃል የሚያስገባም አይደለም። እዚያም ቢሆን ሕመምተኛውን የሚያግዙት ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ተራ ሰዎች ነበሩ።

ጥያቄዬ የሥራ ክፍፍሉ ላይ ነው። ወደ 40 ሕመምተኛ ያለበትን አንድ ቀበሌ ይዘን እናስላው። እድሩ ምን ይሸከም? ጤና ጣቢያው ከእጁ የማይለቀው የትኛውን ነው?

ነርስ ዘጎዛምን

ከሁሉ በፊት፦ እድር ይጠቁም እንጂ አይመዝግብ። ጤና ጣቢያው ከእጁ የማይለቀው የመጀመሪያ ነገር ልየታው ነው። «እግሩ ያበጠ ሁሉ ይምጣ» ተብሎ ስም ዝርዝር ከተያዘ ስህተቱ ሰው ይጎዳል።

የአፈሩ ዝሆኔ ከጣትና ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ እኩል ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ከጉልበት በላይ እምብዛም አይሄድም። ወደ ዓባይ በረሃ ቆላው ወረድ ሲባል በትንኝ የሚተላለፈው ሌላው ዝሆኔ አለ። እሱ ብዙ ጊዜ አንድ እግር ላይ ይበረታል፣ ከላይም ሊጀምር ይችላል፣ ወንድ ላይ ቆለጥ ያሳብጣል። ከጣት በሚወሰድ ደም ይመረመራል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። እግሩ ላይ ስሜት ያጣ ሰው (ዐይኑን ጨፍኖ የጥጥ ጫፍ ሲነካው የማይታወቀው) ለሥጋ ደዌ መታየት አለበት። ፊቱና የዐይኑ ሽፋን ጭምር የሚያብጥ ከሆነ ኩላሊት፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ፣ ተጋድሞ መተኛት የማይችል ከሆነ ልብ ይጠረጠራል። የአንድ እግር ባት በድንገት አብጦ የሚያም ከሆነ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አይታሽ፣ አይጠቅለል፣ በቀኑ ይላክ።

ነፍሰ ጡሮችን በተለይ ልብ በሉ። እግሯ አብጦ ራሷን የሚያማት፣ ዐይኗ የሚደነጋገርባት ሴት ወደ ሳፋ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ነው የምትሄደው፣ ያንኑ ቀን። ደም ግፊቷ መለካት አለበት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በፋሻው ምክንያት ነው። ልቡ የደከመን ሰው እግር አጥብቆ መጠቅለል ውኃውን ወደ ላይ ገፍቶ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። ስለዚህ ፋሻ ያለ ጤና ባለሙያ ፊርማ ለማንም አይሰጥ። የተለየው ሰው ደረጃው ከ1 እስከ 5 ተጽፎ በጤና ኬላው ፋሚሊ ፎልደር (የየቤተሰቡ የጤና ማኅደር) ውስጥ ይቀመጥ። ሌሊት አርፎ ሲያድር እብጠቱ የሚጠፋለት 1ኛ ነው። የማይጠፋለትና እባጩ (ቆዳው ላይ የሚወጣው ጉብታ) ከቁርጭምጭሚት በታች የሆነው 2ኛ፣ እባጩ ከቁርጭምጭሚት በላይ የወጣበት 3ኛ፣ እብጠቱ ከጉልበት ያለፈበት 4ኛ፣ መጋጠሚያው የደረቀበት 5ኛ ነው።

ኤክስቴንሽን ማቻከል

ነርሷ ያለችው እንዳለ ሆኖ፣ ቤት ለቤት የሚሠራውንና ልኩን ልጻፈው።

ሁለት ሳፋ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውኃና ሳሙና። የሞቀ ውኃ እብጠቱን ያባብሰዋል። በለስላሳ ጨርቅ ይታጠባል፤ በድንጋይ ወይም በቃጫ አይፈተግ፣ ቆዳው ከተጫረ በሽታው የሚገባው በዚያው ነው። በሁለተኛው ሳፋ 6 ሊትር ውኃ ላይ 15 ሚሊ ሊትር ባለ 5 ከመቶ በረኪና ተጨምሮ እግሩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ቀጥሎ ማድረቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በጣቶቹ መካከልና በእጥፋቶቹ ውስጥ እርጥበት ከቀረ ይሸታል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል። ጥጥ ነጠላ ቀዶ ቀጭን ቁራጭ ማዘጋጀትና በየጣቱ መሀል እያስገቡ ሳያሹ መጫን በቂ ነው። በጣቶች መካከል ፈንገስ ካለ ዊትፊልድ ቅባት፣ ቀሪው ቆዳ ላይ ቫዝሊን በስሱ። ዊትፊልድ የተከፈተ ቁስል ላይ አይደረግም፣ ያቃጥላል።

ማታ እግር ከፍ ይበል። መደብ ላይ ለሚተኛ ሰው ገለባ የተሞላ ከረጢት ከፍራሹ ሥር በእግሩ በኩል ማድረግ ነው። ትራስ ከሆነ ሌሊት ይንሸራተታል። ቀን ሲቀመጡ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ጣትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ አሥር አሥር ጊዜ፣ ደጋግሞ።

ፋሻ ለተፈቀደለት ጠዋት ከመደቡ ሳይወርድ ይጠቀለላል። ከጣቶቹ ሥር ተጀምሮ ተረከዝን ጨምሮ እስከ ጉልበት በታች፣ አንዱ ዙር የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ፣ መርገጫው ላይ ጠበቅ ወደ ላይ ላላ እያለ። ጣት ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ይፈታ። ማታ ይወልቃል። ለአንድ እግር ሁለት ሁለት ያስፈልጋል፣ አንዱ ታጥቦ ጥላ ላይ ሲደርቅ ሌላው ይታሰራል።

የ40 ሰው ወርኃዊ ፍጆታ፦ በረኪና ለአንድ ሰው በቀን 15 ሚሊ፣ በወር 450 ሚሊ፣ በድምሩ 18 ሊትር። ሳሙና ለሰው ሁለት ቁራጭ፣ 80። ቫዝሊን እንደ እግሩ መጠን ይለያያል፤ እብጠቱ እየቀነሰ ሲሄድ ፍጆታውም ይቀንሳል። ቁስልና ሽታ ከጠፋ በኋላ በረኪናው ይቁም አይቁም የሚወስነው ጤና ባለሙያው ነው። ሳሙናና ጫማ ግን አይቆሙም።

የዓባይ ዳር

እህቴ፣ በረኪናው «አቃጠለኝ» ብለው የሚያቆሙ አሉ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ኤክስቴንሽን ማቻከል

አብዛኛውን ጊዜ ልኩ ነው። «አንድ ክዳን» ተብሎ ይነገራል፤ የየፋብሪካው ክዳን ግን አይመሳሰልም፣ የበረኪናው ጥንካሬም እንደዚሁ። መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ለእያንዳንዱ ቤት ይሰጥ፣ አንድ ተኩል ሲሪንጅ ማለት ነው። 6 ሊትሩም በግምት አይሁን፤ ሳፋው አንድ ጊዜ ተለክቶ በምስማር ይጫርበት።

የተገላቢጦሹም አለ። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ በረኪና ኃይሉን ያጣል፣ ሽታው አለ ግን አይሠራም። ቤት ውስጥ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ከሁሉ አጥብቄ የምለምነው ግን በሃይላንድ ጠርሙስ ማንም እንዳይቀዳው ነው። ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። በራሱ ጠርሙስ፣ ልጅ ከማይደርስበት።

የእድር ጸሐፊ

የገንዘቡን ጉዳይ ልናገር። እድር የቀብር ገንዘብ ነው። «ለጤና አውጡ» ሲባል አባል የሚፈራው ሬሳ ሲወጣ ሣጥኑ ባዶ እንዳይሆን ነው፣ ፍርሃቱም ትክክል ነው። ስለዚህ የቀብሩን ገንዘብ አትንኩት። ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ሣጥን፣ ሦስት ቁልፍ። አንዱ በዳኛው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በሕመምተኞቹ ተወካይ እጅ። የሕመምተኞቹ ቁልፍ ለወግ ያህል አይደለም፤ ሳሙናው ማለቁን መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ገቢው ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው እድር ሁሉ ያለው የመቅረት መቀጫ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ከተስማማ መቀጫው ወደ እግር ሣጥኑ ይዙር፤ ማንም አዲስ ነገር ከኪሱ አላወጣም። ሁለተኛው እህል ነው። ከአንድ አባወራ በመኸር 1 ኪሎ ቢሰበሰብ 120 አባወራ ያለው እድር ከአንድ ኩንታል በላይ ያገኛል። ጤፍ ይሁን፣ በቆሎ አይሁን። በቆሎ ነቀዝ ይጨርሰዋል፤ ጤፍን ነቀዝ አይነካውም፣ ዋጋው ሲወጣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሸጥ ይቻላል።

አጋዦቹ አበል አይከፈላቸው። አበል የጀመረ ሥራ አበሉ ሲቆም ይቆማል። በምትኩ ድንኳን ከመትከልና ከመቃብር ቁፋሮ ተራ ነፃ ይሁኑ፤ ይህ እድር ያለ ገንዘብ ሊሰጥ የሚችለው እውነተኛ ክፍያ ነው። አንድ አጋዥ ለስምንት ወይም ለአሥር ሕመምተኛ፣ በእግር ከሃያ ደቂቃ የማይርቅ። የሚመረጠውም እግሩ የተሻለው ሕመምተኛ ወይም የቤተሰቡ ሰው ቢሆን ይበልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ተረስቷል። ዝሆኔ የያዘው ብዙ ሰው እድር ውስጥ የለም። ቀብር ላይ ቆሞ መዋል ስለማይችል ይቀራል፣ መቀጫ ይከመርበታል፣ በመጨረሻ ይሰረዛል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት እነዚህ ሰዎች ዕዳቸው ተሰርዞ ይመለሱ፤ ቀብር ላይም ተቀምጠው እንዲውሉ በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ። ይህ ሳይደረግ ሳሙና ማደል ሰውየውን ምጽዋት ተቀባይ ያደርገዋል።

ቀይ አፈር

የመጨረሻው በጣም ትክክል ነው። ልጨምርበት፦ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ ድንገተኛው ሕመም ሲነሳ ምርመራውንና መድኃኒቱን ይሸፍናል፤ ሳሙናና ጫማ ግን አይገዛም። ስለዚህ መዋጮው በሚሰበሰብበት ወቅት እድሩ አቅም ያነሳቸውን ሕመምተኞች ስም ለቀበሌው ያቅርብ፣ በነፃ ተጠቃሚነት እንዲካተቱ። በአንድ በኩል መድኑ፣ በሌላው የእግር ሣጥኑ። አንዱ የሌላውን ሥራ ይሠራል ተብሎ ከተጠበቀ ሁለቱም ይጎድላሉ።

መሪጌታ ዘስናን

የቤተ ክርስቲያኑን በኩል ልናገር፣ ምክንያቱም ጤና ጽሕፈት ቤቶች ካህናትን የሚጠሩት ስብሰባ ለመክፈትና ለመዝጋት ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠ ሥራ አለ።

ቀኑን እንጀምር። የእግር እንክብካቤ ትምህርት በገበያ ቀን አይደረግ። ገበያተኛው ያያል፣ ሕመምተኛው ያፍራል፣ አይመጣም። በ12፣ በ21፣ በ23 ወይም በ29 ገበሬው ሞፈር አያነሳም፣ ማኅበርተኛውም ይሰበሰባል። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤቱ አጠገብ ውኃ ካለ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ይህን በየዓመቱ የሚያይ ሕዝብ የሰው እግር ማጠብ ውርደት እንዳልሆነ ሊነገረው አያስፈልግም፤ ማስታወስ ይበቃል። ካህኑ ራሱ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ እግር ቢያጥብ፣ ከዚያ ቀን በኋላ አጋዡን «ምነው ዝሆኔ ነካህ?» የሚለው ሰው ይቀንሳል።

ጫማን በተመለከተ፦ ብዙው ሰው ጫማውን ከቅጽሩ በር ያወልቅና ግቢውን በባዶ እግሩ ይዞራል። ግቢው ቀይ አፈር ከሆነ ሕመምተኛው ሳምንቱን የጠበቀውን በአንድ ሰዓት ያጣል። ሰበካ ጉባኤው ተነጋግሮ ሕመምተኞች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ በጫማቸው እንዲገቡ፣ ውስጥም በንጹሕ ካልሲ እንዲቆሙ ይፍቀድ። ፈቃዱ ከአስተዳዳሪው አንደበት በዐውደ ምሕረት ይነገር፣ አለዚያ ሰው ይቆጣቸዋል።

ጸበልና እምነት ላይ ሕክምናውን የሚቃወም ነገር የለም። መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ተናግረውበታል፤ ለዚህም ያው ነው። እምነቱ (ከቤተ ክርስቲያን ተወስዶ የሚቀባው) ግን በተከፈተ ቁስል ላይ አይደረግ፤ ግንባር ላይ ይቀቡ። ይህን ነርስ ስትለው እንደ መዳፈር ይቆጠራል፤ የንስሐ አባት ሲለው ይሰማል። ጾምም እንዲሁ ነው። በሽታው ተነስቶበት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይውጥ እንዳይቆይ የንስሐ አባቱ ይንገረው።

የዓባይ ዳር

መሪጌታ፣ እግዜር ይስጥልን። ድንገተኛው ሕመም ሲነሳበት ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? አጋዡ ሌሊት ቢጠራ?

ነርስ ዘጎዛምን

እግሩ ይቀላል፣ ይግላል፣ ያማል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ያወጣል። ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል። ቀዝቃዛ ውኃ የነካው ጨርቅ፣ ብዙ የሚጠጣ ነገር፣ ፓራሲታሞል። ፋሻው ይፈታ፤ እስኪበርድ አይጠቀለልም። አይታሽ፣ አይታገም፣ አይበጣ፣ በእሳት አይሞቅ። ቁስል ካለ፣ ወይም በአንድ ቀን ካልበረደ ጤና ጣቢያ፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያስፈልገው ይሆናል። ከቀባዠረ፣ መቆም ካቃተው ወይም ቆዳው ከጠቆረ ጠዋት አይጠበቅ። የእድሩ ቃሬዛ ለሬሳ ብቻ አይደለም፤ አምቡላንስ እስከሚገባበት መንገድ የሚያደርሱት አራት ሰዎች ስማቸው አስቀድሞ ይያዝ።

ጫማ ሰፊ

ስለ ጫማ ሁሉም «ጫማ ያድርጉ» ብሎ ያልፋል። የትኛውን?

በረባሶ ክፍት ነው፣ አፈሩን አያግድም። ኮንጎ ቀዳዳ አለው፣ ያለ ካልሲ ሲደረግ ደግሞ ያልባል፣ ፈንገሱን ያመጣል። ቦት ለእርሻ ጥሩ ነው፤ ግን ጠርዙ ያበጠውን ባት ይፍቃል፣ ውስጡ ካልደረቀም ይሸታል። የሚሻለው ከላይ እስከ ጣቱ ድረስ የሚከፈትና በክር የሚጠብቅ ቆዳ ጫማ ነው፤ እብጠቱ ሲቀንስ ክሩ ይጠብቃል፣ ጫማው አይጣልም።

ልኩ የሚወሰደው እንክብካቤው በተጀመረ ቀን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሩ ስለሚቀንስ ያኔ የተለካው ይሰፋል፣ ይንሸራተታል፣ አዲስ ቁስል ያወጣል። ሁለት ሦስት ወር ይጠበቅ፣ እስከዚያ ሰፊ ሸራ ጫማ በካልሲ ያገልግል። ሲለካም ማታ፣ ቆሞ፣ ሁለቱም እግር ለየብቻ ወረቀት ላይ ይሣል፤ የመርገጫው ዙሪያና የእባጩ ከፍታ ይጻፍ። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ሰው ብዙ የለም። ቁጥር ብቻ ጽፎ ከከተማ በጅምላ ያስመጣ ሁሉ ጫማው ቤት ሲቀመጥ ያያል። ደብረ ማርቆስም ይሁን ቡሬ ያሉ ጫማ ሰፊዎች ሥዕሉ ከመጣላቸው ይሠሩታል።

የዓባይ ዳር

ሌላ ጥያቄ። ሕዝቡ «በዘር ነው» ይላል። ትምህርቱ ላይ ምን እንበል? እውነቱስ?

ቀይ አፈር

ይህን በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ምክንያቱ ትል ሳይሆን አፈር መሆኑን አሳየ። ደቃቅ የማዕድን ቅንጣት በቆዳው ይገባል፣ በእግር ውስጥ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች ያስቆጣል፣ ይጠባሉ፣ ፈሳሹ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመውና ወላይታ ላይ የተሠራው ጥናት ደግሞ አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ በቤተሰብ መታየቱ እውነት ነው። ግን «በዘር ይሄዳል» ብላችሁ ካቆማችሁ ሁለት ጥፋት ይከተላል። ሰዉ የዚያን ቤት ልጅ አያገባም፤ ቤተሰቡም «ከወረስነው ወዲያ» ብሎ ጫማ ይተዋል።

የሚነገረው እንዲህ ቢሆን፦ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በመብላትም በመተኛትም። አፈሩ ቆዳቸውን ቶሎ የሚጎዳባቸው ቤተሰቦች አሉ፤ የእነዚህ ልጆች መራመድ ከጀመሩበት ቀን ጫማ ካደረጉና እግራቸው ማታ ማታ ከታጠበ አይያዙም። ስለዚህ አጋዡ ቤት ሲገባ የአባትየውን እግር ብቻ አይይ፤ የልጆቹንም ይቁጠር፣ ስንቱ ጫማ አለው? ለልጆች ጫማ ከሣጥኑ ቅድሚያ ይሰጥ። «እባብ የሄደበትን ረግጦ» ወይም «መተት ነው» የሚለውን ፊት ለፊት ከመከራከር፣ በመረሬ (ጥቁር) አፈር አገር በሽታው ለምን እምብዛም እንደማይታይ መጠየቅ ይሻላል። ገበሬ አፈር ያውቃል፤ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

የእድር ጸሐፊ

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን ወይስ በቃል?

ቀይ አፈር

በጽሑፍ፤ ግን አንድ ገጽ። ጤና ጣቢያው ልየታውን፣ ፋሻና ዊትፊልዱን፣ የአጋዦችን ሥልጠናና በየሦስት ወሩ እግር ማየቱን ይይዛል። እድሩ ሳሙናውን፣ በረኪናውን፣ ቫዝሊኑንና አጋዦቹን። ሰንበቴው ቀኑን፣ ቦታውንና ትምህርቱን። ጤና ኬላው መዝገቡን። ከታች አንድ መስመር ይጨመር፦ ዕቃው የአንድ ወር ያህል ሲቀረው ማን ለማን ይናገራል? አብዛኛው ሥራ የሚቆመው እዚህ ነው፤ ሳሙናው ካለቀ በኋላ ነው ሰው የሚነገረው።

አጋዡ በወር የሚመዘግበው ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፤ ለስንት ቀን ተነሳበት፣ ጫማ አድርጓል ወይ፣ ሳሙና አለው ወይ። የቁርጭምጭሚቱን ዙሪያ ነርሷ በሦስት ወሩ፣ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ትለካለች። ከዚያ በላይ ቅጽ ከተሰጠው ቅጹን ይሞላል፣ እግሩን አያይም።

ኤክስቴንሽን ማቻከል

ውኃውን አትርሱ። ለማጠቢያና ለመዘፍዘፊያ በቀን አሥር ሊትር ያህል፣ የባለ 20 ጀሪካን ግማሽ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ምንጩ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚቀረው የእግር ውኃ ነው። እግሩ ያበጠ ሰው ራሱ ቀድቶ አይመጣም። በእነዚህ አራት ወራት የትኛው ቤት ለየትኛው ሕመምተኛ በሁለት ቀን አንድ ጀሪካን እንደሚያደርስ ስሙ ከስምምነቱ ገጽ ጀርባ ይጻፍ።